የዋይት ደሴት ምክር ቤትና የሕዝብ ትራንስፖርት ዕቅዱ

አይል ኦፍ ዋይት (የዋይት ደሴት) ከእንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ትይዩ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2021 ቆጠራ 140 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዋናው ምድር የሚለያት ሶለንት የተባለ የባሕር ሰርጥ ነው። ድልድይ የለም፤ ከባሕር በታች የሚያልፍ ዋሻም የለም። የሚገባውም የሚወጣውም ውሃ ተሻግሮ ነው።

ደሴቲቱን የሚያስተዳድራት አንድ ምክር ቤት ነው። መቀመጫው መሀሏ ላይ ባለችው ኒውፖርት ከተማ ነው። ከ1995 ጀምሮ ሌላ ቦታ በሁለት እርከን የሚከፈለውን የአስተዳደር ሥራ ጠቅልሎ ይዟል። በሕግ የአካባቢው የትራንስፖርት ባለሥልጣንም እሱ ነው። የ2000 የትራንስፖርት ሕግ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ሁሉ የአካባቢ የትራንስፖርት ዕቅድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ደሴቲቱም ከ2011 እስከ 2038 የሚዘልቅ ዕቅድ አውጥታለች።

ስሙ ሲሰማ ትልቅ ሥልጣን ይመስላል። ግን አውቶቡሶቹ የምክር ቤቱ አይደሉም። ባቡሩም የሱ አይደለም። ትልልቆቹ ጀልባዎች ደግሞ ጨርሶ አይመለከቱትም። ታዲያ ምን ይዞ ነው የሚያቅደው? የደሴቲቱ የትራንስፖርት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ከአውቶቡሱ እንጀምር። ዋናው አገልግሎት ሰጪ ሳውዘርን ቬክቲስ ይባላል። ከ2005 ወዲህ የጎ አሄድ ግሩፕ ንብረት ነው። መስመሮቹ ኒውፖርት ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ እንደ ጎማ ሽቦ ወደ ካውስ፣ ወደ ራይድ፣ ወደ ሳንዳውን፣ ወደ ያርማውዝ ይበተናሉ። ከለንደን ውጪ ባለው እንግሊዝ በ1986 የአውቶቡስ ገበያ ለነጻ ውድድር ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የትኛው መስመር እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓትና በስንት ዋጋ እንደሚሄድ የሚወስነው ኩባንያው ሆነ። ምክር ቤቱ የቀረለት ክፍተቱን መሙላት ነው። ትርፍ የማያመጣ ግን ሰው የሚቸገርበት መስመር ካለ ከኪሱ ከፍሎ ያስኬደዋል።

ኪሱ ሲሳሳ የሚሆነውን ደሴቲቱ አይታዋለች። ምክር ቤቱ ዋይትባስ የሚባል የራሱ አነስተኛ የአውቶቡስ ድርጅት ነበረው። ተማሪዎችን ያመላልስ ነበር፤ ራቅ ያሉ መንደሮችንም ይደርስላቸው ነበር። በ2011 በበጀት ቅነሳ ተዘጋ። የገጠሩን መስመሮች ከነአካቴው ላለማጣት የተገኘው መላ የሚያስደስት ነው። ኩባንያው አውቶቡሱን አቀረበ፤ የከተማና የመንደር ምክር ቤቶች ተባበሩ፤ መሪውን ደግሞ ሠልጥነው ፈቃድ ያወጡ በጎ ፈቃደኞች ያዙት። ለገበያ ወይም ለሐኪም ቀጠሮ የሚወጣውን ሰው የሚያደርሰው የገዛ ጎረቤቱ ሆነ። ይህን በአድናቆት ነው የምጽፈው። ቢሆንም የአንድ መንደር መስመር በሰዎች ደግነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል እመኛለሁ።

ጉዳዩ ቀላል የማይሆነው በዕድሜም ምክንያት ነው። ከደሴቲቱ ሕዝብ ከሩብ በላይ የሚሆነው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ከ2008 ጀምሮ በመላ እንግሊዝ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ውጪ በአካባቢ አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራሉ። ሒሳቡን ለኩባንያው የሚተካው ምክር ቤቱ ነው። ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር ወጪው ይበዛል። መስመሩ ከታጠፈ ግን ነጻ መታወቂያው በኪስ የሚቀመጥ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

በመጋቢት 2021 የእንግሊዝ መንግሥት ብሔራዊ የአውቶቡስ ስትራቴጂ አወጣ። እያንዳንዱ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የአውቶቡስ ማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጅቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንዲያወጣ ታዘዘ። ከኩባንያዎች ጋርም የተጠናከረ ሽርክና የሚባል ሕጋዊ ስምምነት መፈራረም ተጀመረ። ስምምነቱ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ምክር ቤቱ በእጁ ያለውን ይሰጣል፦ ፌርማታ፣ መጠለያ፣ የትራፊክ መብራት፣ ለአውቶቡስ ቅድሚያ የሚሰጥ መንገድ። ኩባንያው ደግሞ ስለ ምልልሱ፣ ስለ ትኬቱና ስለ አውቶቡሶቹ ጥራት ቃል ይገባል። ታሪፉን በተመለከተ ውሳኔው ከለንደን መጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ በስምምነቱ በገቡ አውቶቡሶች የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደረገ፤ በ2025 ጣሪያው ወደ 3 ፓውንድ ከፍ አለ።

በደሴቲቱ ላይ ግን ለአውቶቡስ የሚለቀቅ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ከየአቅጣጫው የሚመጣው መኪና ኒውፖርት ውስጥ ኮፒንስ ብሪጅ በሚባለው አደባባይ ላይ ይታፈናል። እዚያ የዘገየ አውቶቡስ የቀረውን ጉዞ ሁሉ ዘግይቶ ይጨርሳል። ደቡባዊው ዳርቻ ደግሞ መሬቱ ይንሸራተታል። በ2014 አንደርክሊፍ ድራይቭ የተባለው የባሕር ዳር መንገድ ተደርምሶ ተቆረጠ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ቦንቸርች አጠገብ በደረሰ የመሬት መንሸራተት ወደ ቬንትኖር የሚወስደው ሊሰን ሮድ ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን አውቶቡሱ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ በወረቀት ላይ ያለው የሰዓት ሰሌዳም ዋጋ ያጣል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ግን ከራይድ የተሻለ ቦታ የለም። ባሕሩ እዚያ ጥልቀት ስለሌለው ጀልባ እስከ ዳር አይደርስም። ስለዚህ በ1814 የተከፈተ 681 ሜትር የሚረዝም መተላለፊያ ወደ ባሕሩ ተዘርግቷል። ማዶ በዋናው ምድር ካለችው ከፖርትስማውዝ የመጣ ተሳፋሪ ጫፉ ላይ ይወርዳል። ሻንጣውን ይዞ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ የባቡር ጣቢያው አለ። ባቡሩ ከባሕሩ በላይ አልፎ ወደ ከተማው ይገባና 13.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሻንክሊን ላይ ያበቃል። በከተማው በኩል ደግሞ ጣቢያውና አውቶቡሶቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሆቨርክራፍትም (በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ የሚሄድ መጓጓዣ) እዚያው አጠገባቸው ያርፋል። ፖርትስማውዝ ውስጥ ያለችው ሳውዝሲ ለመድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ሰዓቱ አይገጥምም ነበር። ሃዲዱ በአብዛኛው ነጠላ ነው። ባቡሮች የሚተላለፉባቸው ቦታዎች አራርቀው ስላልተመጣጠኑ አንዱ ባቡር ከሌላው በ20 ደቂቃ፣ ቀጣዩ በ40 ደቂቃ ልዩነት ይመጣ ነበር። ጀልባው ትንሽ ከዘገየ መንገደኛው በባሕር ነፋስ መሀል 40 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። መፍትሔው ብሬዲንግ ጣቢያ ላይ ተጨማሪ መተላለፊያ ሃዲድ መዘርጋት ነበር። ለዚህ ሥራ ምክር ቤቱ ራሱ ገንዘብ አዋጣ። 26 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት እድሳት ተጠናቆ በኅዳር 2021 አዲሶቹ ባቡሮች ሥራ ጀመሩ። በየ30 ደቂቃው መመላለስ የተቻለው በዚህ ነው። የራይድ ዋሻ ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ አዲስ የተባሉትም ባቡሮች የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የነበሩና ታድሰው የመጡ ናቸው። ከእነሱ በፊት የነበሩት በ1938 የተሠሩ ነበሩ። እስከ ጥር 2021 ድረስ ሠርተዋል።

አንድ ትልቅ ነገር ግን በቀጥታ የምክር ቤቱ ነው፤ ተንሳፋፊው ድልድይ። ስሙ ድልድይ ይሁን እንጂ በሰንሰለት እየተጎተተ የሜዲናን ወንዝ የሚሻገር ጀልባ ነው። ካውስንና ኢስት ካውስን ከ1859 ጀምሮ ያገናኛል። ከሳውዝሃምፕተን የሚመጣው መኪና ጫኙ ጀልባ በኢስት ካውስ በኩል ይደርሳል፤ ፈጣኑ የመንገደኞች ጀልባ ደግሞ በወዲያኛው ዳር። መሀል ላይ ያለው ወንዝ ሰፊ አይደለም። ሰንሰለቱ ሲቆም ግን ባለመኪናው በኒውፖርት በኩል መዞር ይገደዳል። በ2017 በ3.2 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣው ቁጥር 6 የተባለው ጀልባ በተደጋጋሚ እየተበላሸ ነዋሪውን አስመርሯል። ምክር ቤቱ ሌላ ቦታ በድርድር ይሠራል። እዚህ ግን ሰው ቀጥታ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የባቡሩ መስመር ከዚህ ይረዝም ነበር። ወደ ኒውፖርትና ካውስ፣ ወደ ቬንትኖርም የሚሄዱት ሃዲዶች በ1966 ተዘግተዋል። ወደ ኒውፖርትና ወደ ቬንትኖር ይመለስ የሚሉት ሐሳቦች ለጥናት የሚሆን የመንግሥት ድጋፍ አግኝተው ነበር። በ2024 ግን መንግሥት ድጋፉ የመጣበትን ፕሮግራም ሰረዘው።

ከሁሉ የሚከብደው ሶለንትን የሚያሻግሩት ጀልባዎች ነገር ነው። ዋይትሊንክ፣ ሬድ ፈንልና ሆቨርትራቭል የግል ኩባንያዎች ናቸው። ዋጋቸውንም የሰዓት ሰሌዳቸውንም ራሳቸው ያወጣሉ። ይህን ያህል ጊዜ ተመላለሱ፣ ከዚህ ዋጋ አትለፉ የሚል ሕጋዊ ግዴታ የለባቸውም። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ጀልባዎቹ የመንግሥት ናቸው፤ ታሪፉም ይደጎማል። እዚህ ምክር ቤቱ ያለው አቅም መጠየቅ፣ ደብዳቤ መጻፍና ሚኒስትር ማነጋገር ነው። ደሴቲቱ ሴንት ሜሪስ የሚባል ሆስፒታል አላት። ሆኖም እዚያ ለማይሰጥ ሕክምና ሰው ወደ ፖርትስማውዝ ወይም ወደ ሳውዝሃምፕተን ይላካል። የታማሚው ጉዞ በአውቶቡስ ይጀምርና በጀልባ ይቀጥላል፤ ማዶ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቀዋል። የምክር ቤቱ ዕቅድ የሚገዛው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ወቅቱም ሌላ ጣጣ ነው። በበጋ ጎብኚው ሲጎርፍ ጣሪያቸው የተከፈተ አውቶቡሶች ኒድልስ ወደሚባሉት የባሕር ዐለቶች ይመላለሳሉ። ክረምት ሲገባ ይቆማሉ። ዕቅዱ ግን በጥር ጨለማ ከሥራ የሚወጣውንም ሰው ማየት አለበት።

በጥቅምት 2025 የጸደቀው አዲስ የአውቶቡስ ሕግ የአካባቢ ባለሥልጣናት መስመርና ታሪፍ ራሳቸው ወስነው ኩባንያዎችን በውል እንዲያሠሩ መንገዱን አቅልሏል። የራሳቸው የአውቶቡስ ድርጅት እንዳያቋቁሙ በ2017 የተጣለውንም ክልከላ አንሥቷል። የዋይትባስ ዓይነት ድርጅት እንደገና ማቋቋም በሕግ ይቻላል ማለት ነው። ጀልባዎቹ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የሉም።