«የውጭ መማሪያ ቦታ» ምንድን ነው?

ግቢውን ሲሚንቶ አልብሶ፣ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ተክሎ «የውጭ መማሪያ ቦታ አዘጋጅተናል» የሚል መዋዕለ ሕፃናት በዝቷል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም ነገሩ ያው ነው። ልጆቹ ለእረፍት ይወጣሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ደወል ሲደወል ይገባሉ። መምህሯ በዚያ ሰዓት ደብተር ታርማለች። ይህ እረፍት ነው። እረፍት ለሕፃን የግድ ያስፈልገዋል፤ በስሙ ይጠራ።

የውጭ መማሪያ ቦታ የምንለው ልጆች የሚነኩት፣ የሚያንቀሳቅሱትና የሚለውጡት ነገር ያለበትን ግቢ ነው። መምህሯም አስባበት ትወጣለች፣ ታያለች፣ ታነጋግራለች። ሸርተቴ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ጠጠር፣ ቆርኪ፣ የጄሪካን ክዳን፣ አገዳ፣ አሸዋና ውሃ ግን ዛሬ ሱቅ፣ ነገ ግድብ፣ ከነገ ወዲያ ጎጆ ይሆናሉ። ሳይመን ኒኮልሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ እንደ ልብ የሚነሱና የሚገጣጠሙ ነገሮች በበዙበት ቦታ የልጆች ፈጠራም ይበዛል። እቃ እቃ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሸርተቴ ገዝቶ «የውጭ መማሪያ አለን» ማለት ጀበና ገዝቶ «ቡና ጠጣን» እንደማለት ነው። ወሎ ውስጥ ቡና እንዴት እንደሚጠጣ እናውቃለን። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። የምታፈላዋ ሴት ከረከቦቱ ፊት ተነስታ አትጠፋም። አንድ ስኒ ቀምሶ እብስ የሚልም የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። የልጆች ግቢም እንዲሁ ነው። በአቦሉ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ አሸዋውን ይበትናሉ፤ ነገሩ አዲስ ነዋ። ብዙ ትምህርት ቤቶች እዚህ ላይ ይደነግጡና «ረብሻ ሆነ» ብለው ያስገቧቸዋል። በቶናው ይረጋጋሉ፤ ቁጭ ብለው ይቆፍራሉ፣ ይደረድራሉ። በበረካው መጠየቅ ይጀምራሉ። ጥያቄ የሚመጣው ወደዚያው ቦታ ሲመላለሱ ነው። በዓመት አንዴ ሐይቅ ዳር ሽርሽር መውሰድ ደስ ይላል፤ ግን ከአቦሉ አያልፍም።

የበልግ ዝናብ ዘንቦ ግቢው ውስጥ ውሃ አቆረ እንበል። ልማዳችን ልጆቹን ማራቅ ነው። ጎበዝ መምህር ግን በውሃው ዳር ዳር ጠጠር ታስደረድራቸዋለች። በማግስቱ ሲመለሱ ውሃው ከጠጠሩ ሸሽቷል። «ቲቸር፣ ውሃው የት ሄደ?» ይላል አንዱ። እሷም «አንተስ የት የሄደ ይመስልሃል?» ትለዋለች። አንዱ «መሬት ጠጣው» ይላል፤ ሌላዋ «ፀሐይ ወሰደችው» ትላለች። ታዲያ አንድ ጣሳ ውሃ አፈር ላይ፣ አንድ ጣሳ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ አፍስሰው ያያሉ። ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ፣ ጠጠሩን ይቆጥራሉ። ሳይንሱም፣ ቋንቋውም፣ ሒሳቡም እዚያው አለ። ወጪው ምንም ነው።

አንድ ሰው «የእኛ ልጆች የሚያድጉት ሜዳ ላይ ነው፤ የጎደላቸው ፊደል ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይህ አባባል በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ወላጅ ያምንበታልና። እርግጥ ነው፣ ኩታበር ወይም ወረኢሉ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ያውቃል። ከመንጋው አንዷ ስትጎድል ሳይቆጥር ይለያታል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ-ክፍል ሲገባ ግን አግዳሚ ላይ አስቀምጠን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ በል» እንለዋለን። ያን ሁሉ እውቀቱን በር ላይ ጥሎ ይገባል። ጠጠር ሰጥተን «አምስት ፍየሎች ነበሩህ፤ ሦስቱ ወንዝ ተሻገሩ፤ ወዲህ ማዶ ስንት ቀሩ?» ብንለው ከሚያውቀው ይነሳል። የከተማውስ ልጅ? ደሴ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ የትኛው ሜዳ ላይ ነው የሚያድገው? ግቢው የጋራ ነው። ውሃ ቢነካ ቁጣ፣ አፈር ቢቆፍር ቁጣ።

ለፊደሉም ቢሆን ውጭው ይጠቅማል። እርሳስ የሚይዙት ጣቶች ናቸው፤ ትከሻና ክንድ ካልጠነከረ ግን ጣት በደንብ አይታዘዝም። መቆፈር፣ መሸከም፣ መንጠላጠል ያን ጉልበት ይሰጣሉ።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። የመዋዕለ ሕፃናት መሥራች የሚባለው ፍሪድሪክ ፍሮይብል እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ ሥራውን ሲጀምር ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፤ በእሱ አሠራር ልጆች የየራሳቸውን የአትክልት መደብ ይንከባከቡ ነበር። የማክሚላን እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን፣ ዴፕትፎርድ የከፈቱት፣ ልጆች ውጭ የሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናትም ለድሃ ሰፈር ልጆች ነበር። ጤናውን ላንሳ ካልኩ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ቻይና፣ ጓንግዡ ውስጥ ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጭ እንዲውሉ ሲደረግ፣ ሩቅ ያለን ነገር ማየት መቸገር የጀመሩት ልጆች ጊዜው ካልተጨመረላቸው ልጆች ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

ከመውጣት በፊት ግን ግቢው ይታይ። ጉሎና አስተናግር ካሉ ይነቀሉ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ጫማ ይደረግ፤ ሲገቡ እጅም ፊትም ይታጠብ፣ ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት አገር ነውና። ከግቢ ወጥቶ ወደ ማይታወቅ ሜዳ መሄድ ከታሰበ የአካባቢውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ደርሶ ነበር፤ ያልፈነዳ ነገር ለሕፃን መጫወቻ ይመስለዋል።

ሰዓቱም እንደየቦታው ይለያል። ደሴ ጠዋት ጉምና ብርድ ስላለ ከ4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት በጊዜ መውጣትና ጥላ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አንዲት መምህር 50 ልጅ ይዛ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ሙሉ ግቢውን አትክፈት። አንድ ጥግ በገመድ ከልላ፣ አሸዋና ጠጠር ብቻ አድርጋ ትጀምር።