ግራፉ ስለለሰለሰ ኖይዙ ጠፋ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ ግራፍ አሳየኝ። የብረት ናሙና የኤክስሬይ አብዞርፕሽን ስፔክትረም ነው፤ ናሙናው በየኢነርጂው ምን ያህል ኤክስሬይ እንደሚመጥ የሚያሳይ። የተለካው ውጭ አገር ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን) የለማ። 3,000 ገደማ ነጥብ አለው፣ ጫፉ ግን በኖይዝ፣ ማለትም በዘፈቀደ መንቀጥቀጥ፣ ፀጉር አብቅሏል። «እንዴት ልላጨው?» አለኝ። የተሳሳተባቸውን ነገሮች እኔም ድሮ ስቼባቸዋለሁ፤ እሱ ያለውን ከነመልሴ አንድ በአንድ እነሆ።

«ኖይዙ የበዛው ነጥቡ ስለበዛ ነው።»

አይደለም። ሞኖክሮሜተሩ (በክሪስታል የኤክስሬዩን ኢነርጂ የሚመርጠው መሳሪያ) ሳይቆም እየዞረ በየ0.25 ኤሌክትሮን ቮልቱ ሲለካ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ጊዜ ትንሽ ነው። ነጥቡ ለብቻው ይንቀጠቀጣል እንጂ ፎቶኑስ ተሰብስቧል።

«እንግዲያው ከየ15ቱ አንዱን ብቻ ይዤ ሌላውን ልጣል።»

ዋናው ጥፋት ይሄ ነው! ሰኞ ገበያ ወርደህ 15 ነጋዴ የጤፍ ዋጋ ጠይቀህ የአንዱን ብቻ ጽፈህ ትመለሳለህ? ኢንተርፖሌሽንም (በነጥቦች መካከል ያለውን ዋጋ መገመት) ከዚህ አይሻልም፤ የሚያየው ጎረቤት ነጥቦችን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የተጣሉት ነጥቦች ፈጣን ንዝረት ታጥፎ እውነተኛው ሲግናል ላይ ይቀመጣል። መፍትሄው ነጥቦቹን በሳጥን ሰብስቦ አማካይ መውሰድ ነው። ከጠርዙ (መምጠጡ በድንገት ከሚዘልበት ኢነርጂ) 380 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከፍ ብለን ኬ (ከአቶሙ የሚወጣው ኤሌክትሮን የሞገድ ቁጥር) 10 ላይ ስንደርስ፣ የተለመደው የ0.05 የኬ እርምጃ 3.8 ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ይሰፋል፤ 15 ነጥብ ይገባበታል፣ ኖይዙም በ15 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። በነጻ!

«ሳጥኑ በሰፋ ቁጥር ይሻላል።»

ጠርዙ ላይ እንዳትሞክረው። የብረት ጠርዝ 7,112 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፣ የተፈጥሮ ስፋቱ 1.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። እዚያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጉብታ፣ ስለ ብረቱ ኦክሲዴሽን የምትነግርህን፣ ሰፊ ሳጥን ይውጣታል። ከጠርዙ በታች ርቀህ ሳጥኑ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን ችግር የለውም፣ ጠርዙ ላይ ከ0.25 እስከ 0.5፣ ከዚያ በላይ በኬ እርምጃ።

«ስሙዝ ማድረግም ያው ነው።»

እዚህ ላይ ተከራከርን። ስሙዝ ሲደረግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ሲለሰልስ፣ ነጥቦቹ 3,000 እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተደግፏል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ፦ የኤክሳፍስ (ከጠርዙ በላይ ያለውን የስፔክትረም ንዝረት የሚተነትኑ) ፕሮግራሞች የኖይዙን መጠን ብዙ ጊዜ የሚገምቱት ከፉሪየር ትራንስፎርሙ (ንዝረቱን ወደ ርቀት ከሚቀይረው ስሌት) ሩቅ ጫፍ፣ ከ15 እስከ 25 አንግስትሮም ካለው ነው። አንተ ያንን ላጭተህ ስትሰጠው ፕሮግራሙ ዳታው ንጹህ መስሎት የውሸት ትንሽ ስህተት ይጽፍልሃል። ግራፉ ያምራል፣ ቁጥሩ ግን ጉድ ነው።

«አማካይ ሁሉንም ያጸዳል።»

ከሞኖክሮሜተሩ ክሪስታል የሚመጣው ግሊች (ድንገተኛ የውሸት ጉብታ ወይም ጉድጓድ) በየስካኑ እዚያው ቦታ ስለሚወድቅ አማካይ አይነካውም። መጀመሪያ እሱን አውጣ፣ ስካኖቹን በኢነርጂ አስተካክል፣ ከዚያ ሳጥን።

ልጁ ኮምቦልቻ ሳይመሽበት ልግባ ብሎ ተነሳ። ላፕቶፑን ከመዝጋቱ በፊት ግን ጥሬውን ፋይል ለብቻው ኮፒ አስደረግኩት።