በወሎ ቆላማ ሸለቆዎች የመስኖ ውሃ እጥረትና የአፈር ጨዋማነት

የወሎ ምሥራቃዊ ቆላ፣ ከቆቦ ሜዳ እስከ ከሚሴና ጨፋ ድረስ፣ ከደጋው በሚወርድ ውሃ የሚኖር አገር ነው። በሰሜን የጎሊና ወንዝ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በደቡብ ደግሞ የቦርከና ወንዝ ከደሴ ዙሪያ ተነስቶ ኮምቦልቻንና ጨፋን አቋርጦ ወደ አዋሽ ያመራል። በእነዚህ ሸለቆዎች ስለ መስኖ ሲነሳ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሃው ማነስ ነው። ጨው ግን ከእጥረቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ጉዳት ስለሆነ ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይገባም።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በልጉ አያስተማምንም፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ፣ በሚያዝያ የተዘራው ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። ገበሬው ይህን ለመቋቋም ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ ሲጠልፍ ኖሯል። ድንጋይ፣ አፈርና ቅርንጫፍ ደርቦ ወንዙን ወደ ቦይ ይመልሳል፤ ኃይለኛ ጎርፍ ሲጠርገው በደቦ መልሶ ይሠራዋል፤ ተራውን የሚያስጠብቀውም የውሃ አባት ነው። ማሳውን በጥልቀት የሚያረሰርሰው ጎርፍ ደለል ከማምጣቱም በላይ የተከማቸ ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ ሊያወርድ ይችላል። ይህ ጥቅሙ ከሚገባው በታች ሲነገርለት መቆየቱ ያሳዝናል።

በኋላ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በፓምፕ የሚሠራ መስኖ ተስፋፋ፤ ሽንኩርትና ቲማቲምም የገበያ ሰብል ሆኑ። ጉድጓዱ ዝናብ ባይጠብቅም መብራትና መለዋወጫ ይጠብቃል። መብራት ለጥቂት ቀናት ከጠፋ ሥሩ ጥልቀት የሌለው ሽንኩርት ወዲያውኑ ይጎዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ያዳረሰው ጦርነትም ይህን ችግር አብሶታል።

የጨውን አመጣጥ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ ለምላስ ጨዋማ ላይመስል ይችላል። ሆኖም በአንድ ወቅት ለአንድ ሄክታር 5,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 25 ኩንታል ጨው ማሳው ላይ ይገባል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውን ትተዋለች። ውሃ ሲያጥር ለሰብሉ የሚበቃው ብቻ ስለሚሰጥ ጨውን አጥቦ የሚያወርድ ትርፍ አይገኝም። ሰብሎችም እኩል አይችሉትም፤ የአፈሩ ጨዋማነት በሜትር 1.2 ዴሲሲመንስ (የጨዋማነት መለኪያ) ሲያልፍ የሽንኩርት ምርት መቀነስ ይጀምራል፣ ማሽላ ግን እስከ 6.8 ድረስ ይታገሣል። ከማሽላ ወደ ሽንኩርት የዞረ ገበሬ ገቢውን ሲያሳድግ ለጨው ያለውን ተጋላጭነትም አብሮ ያሳድጋል።

ጉዳቱ ማሳ ላይ በዓይን ይታያል። በትልሙ ትከሻ ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ የሽንኩርቱም ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በጠብታ መስኖ ደግሞ ነጩ ምልክት ውሃ በሚንጠባጠብበት ሥፍራ ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀላል ዝናብ ሲጥል ብዙ ሰው ውሃ ለመቆጠብ መስመሩን ይዘጋል፤ ነገር ግን ያ ዝናብ የቀለበቱን ጨው ወደ ሥሩ ስለሚመልሰው በዚያች ሰዓት ጠብታውን ክፍት መተው ይሻላል።

የታጠበ ጨው መሄጃ ያስፈልገዋል። ትርፍ ውሃን የሚያስወጣ የማጠንፈፊያ ቦይ ከሌለ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ ጨውን ወደ ላይ ይመልሳል፤ በመካከለኛው አዋሽ መልካ ሰዲ ሰፊ የእርሻ መሬትን ከሥራ ውጪ ያደረገው ይኸው ነው። ቦይ ሲኖር ደግሞ ጨዉ ወደ ታችኛው ተጠቃሚ ይወርዳል። በቦርከና በኩል የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽም ስለሚጨመርበት፣ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብት የሚሰማራበት ጨፋ ሁሉንም ይቀበላል። ከዚያ ያለፈው ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ስለሚያበቃ ከወሎ ማሳዎች የወረደው ጨው በዚያው በረሃ ይቀራል።