«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

የድሬዳዋ ሰው ማንንም የሚፈራ አይመስልም። ከዚራም ሂዱ መጋላ፣ ታናሹ ታላቁን «አንተ» ይለዋል፤ ቅር የሚለው የለም። ያው ደፋር ሰው ግን አንድ ባለሥልጣን ሲበድለው «ለምን አትከስም?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «አቦ ተወኝ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ፍቺው ግልጽ ነው። ሰማይ አፈር የለውም፤ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው የለም። ንጉሥንም ችሎት የሚያቆመው የለም። ስለዚህ አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ። ዛሬ ንጉሥ የለም፤ ተረቱ ግን ወደ ቀበሌው ሹም፣ ወደ ቢሮ ኃላፊው ወርዷል።

አባባሉ የፈሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ከፍርድ ሥርዓታችን የወጣ ነው። የድሮ ሰው ሙግት ይወዳል። «በልሃ ልበልሃ» እየተባባለ፣ መንገደኛውን ዳኛ አድርጎ ይከራከር ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። የተረታ ይግባኝ እያለ ሲወጣ ሲወጣ፣ መጨረሻው ዙፋን ችሎት ነው። እዚያ የሚፈርደው ደግሞ ንጉሡ ራሱ ነው። ታዲያ ንጉሡ ሲበድል ለማን አቤት ይባላል? ከፈጣሪ በቀር ሰሚ አልነበረም።

ኋላ ነገሩ በጽሑፍ ሰፈረ። እዚሁ ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱትና ሐረርን ያስተዳደሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣም የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር ተባለ። ተረቱ አንቀጽ ሆነ።

መስከረም 1967 ንጉሡ ወረዱ። ግን ከዙፋን ወረዱ እንጂ አልተከሰሱም። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። እኔን ሁሌም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ገዥ ሲወርድ ዴሞክራሲ የገባ ይመስለናል። አዲሱም የማይከሰስ ከሆነ ምን ተለወጠ? ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ከሥልጣን ከወረዱ 15 ዓመት አልፎ፣ ዚምባብዌ ተቀምጠው፣ በሌሉበት። የወደቀን መክሰስ አንድ ነገር ነው። ከባዱ ወንበሩ ላይ ያለውን መክሰስ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 ማንኛውም ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው ይላል፤ አፋችን ላይ ያለው ግን አሁንም ተረቱ ነው።

ሌላው አገርስ? የእኛ ቃኘው ጦር የዘመተላት ደቡብ ኮሪያ በአንድ ጀምበር አልተለወጠችም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1987 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን አስመለሰ። በዚያው ዓመት ምርጫ ያሸነፉት ግን የገዥዎቹ ወገን የሆኑት ጄኔራል ሮ ቴ ዉ ነበሩ። እሳቸውና ከእሳቸው በፊት የገዙት ቹን ዱ ህዋን ፍርድ ቤት ቆመው የተፈረደባቸው በ1996 ነው። በ2017 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሥልጣን ላይ ያሉትን ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን ሄን ከወንበራቸው አነሳ። ከአደባባዩ እስከዚያ ቀን ወደ 30 ዓመት መሆኑ ነው።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የማላዊ ነው። ካሙዙ ባንዳ የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ተብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሕዝቡ በድምፁ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ይብቃ አለ፤ በ1994 ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን አስረከቡ። በቀጣዩ ዓመት በፖለቲከኞች ግድያ ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ነፃ ናቸው ብሎ ለቀቃቸው። ብዙ ሰው ተናደደ። ለእኔ ግን ያ ፍርድ ትልቅ ነገር ነው፤ የትናንቱ የማይነኩ ሰው ተከሰሱ፣ የዛሬው መንግሥት ደግሞ ከሶ ተረታ። ፍርድ ቤቱ ከሁለቱም ነፃ ነበር። በየካቲት 2020 የዚያችው አገር ዳኞች በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፕሬዚዳንት አሸነፍኩ ያለበትን ምርጫ ሰረዙት። በሰኔ ምርጫው ተደገመ፤ ፕሬዚዳንቱም ተሸነፈ።