የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቆረቁራል

ይህችን አባባል ለቅሶ ቤት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚሏት ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ድንኳኑ ከፈረሰ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ። አንዱ ድንጋዩን ያስቀድማል፣ ሌላው እናትን። ነገሩ ያው ነው።

ትርጉሟ ያለው ከሁለት ቃል ውስጥ ነው። «እያደር» የመጣው «አደረ» ከሚለው ነው፤ አንድ ሌሊት፣ ሌላ ሌሊት፣ እንደገና ሌላ። «ቆረቆረ» ደግሞ ገላም ላይ ልብም ላይ ይሠራል። መኝታ ጎንን ይቆረቁራል፤ ነገር ሆድን ይቆረቁራል። ለሌላ ሰው የሚያስበውን «ተቆርቋሪ» የምንለው የሌላው ጉዳት እሱን ስለሚወጋው ነው።

መነሻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ኑሮ ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው። ቀባሪም ፍትሐቱ እስኪያልቅ የሚጠብቀው ድንጋይ ላይ ነው። የጣናን ዳር የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ብዙው እንደ እንጀራ ዓይን አለው። መጀመሪያ ስትቀመጥበት ይቀዘቅዛል፣ ደስም ይላል። ቆይተህ ስትነሳ ግን ቀዳዳው ጭንህ ላይ ታትሞ ታገኘዋለህ።

ሐዘንም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ቀን እድርተኛው አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ እዝኑ ይገባል፣ ንፍሮው ይዞራል። ሰው ሰውን ደግፎ ያቆመዋል። ሰልስት ካለፈ በኋላ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። አባባሏ አባትን ትታ እናትን የጠራችውም ለዚህ ይመስለኛል። እናት ያለችው በትንንሹ ነገር ውስጥ ነው። ማታ «እግርህን ታጠብ» የሚል ድምፅ ሲጠፋ ያኔ ነው የሚቆረቁረው።

ይህ ለትልቅ ሰው ነው። ለልጅ ሲሆን ይብሳል። ትንሽ ልጅ፣ በተለይ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ የሞተ ሰው እንደማይመለስ በደንብ አይገባውም። ከፍ ያለውም ቢሆን ሐዘኑ በአንዴ አይወጣለትም። አልቅሶ ሳይጨርስ ኳስ ሊጫወት ይሮጣል። እኛ ደግሞ ይህን አይተን «ተመስገን፣ አልገባውም» እንላለን። ገብቶታል። ድንጋዩ ላይ ገና መቀመጡ ነው።

እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝና በጀልባ ዘጌ ዘመድ ቤት ወሰዱኝ። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከልጆች ጋር ቀዩን ፍሬ እየለቀምኩ ተጫወትኩ። ስመለስ የሳሎኑ ወንበር ሁሉ ግድግዳ ተደግፏል። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱ ትከሻዋ ላይ። «እማዬስ?» አልኳት። «ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች» አለችኝ። የነገረኝ ከአርባዋ በኋላ አንድ የክፍሌ ልጅ ነው። አክስቴን አልወቅሳትም፤ ልትጠብቀኝ ብላ ነው። ግን የእናቴን ቀብር አላየሁምና ልቤ አክስቴን አላመነም። የክፍሌን ልጅም አላመነም። ስንት ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲገባ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አይ ነበር።

ስለዚህ ልጅን ከቀብር ማራቅ መቆርቆሩን አያስቀረውም ብዬ አምናለሁ። መልስ የሌለው ጥያቄ ይጨምርበታል እንጂ። ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ። ፍትሐቱ ላይ ሳጥኑ አጠገብ መስቀል ይዞ የሚቆመው ዲያቆን ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመቱ። ማንም «ይፈራል፣ አርቁት» አይለውም። ሥራ አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚሆነውን ያውቃል። የሟች ልጅ ግን ያን ሰዓት ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቶለታል።

ልጅ ይፈራል የሚለው እውነት ነው። ሙሾው፣ ደረት መድቃቱ፣ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ ማየቱ ያስፈራል። ግን የሚያስፈራው ይበልጥ ሳይነገረው ሲያየው ነው። የሚያየውን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። «ተኝታለች» ማለት አይገባም፤ ማታ እሱ ራሱ መተኛት ይፈራል። «ሞታለች» ማለት ይሻላል። እጁን የሚይዘው ሐዘኑ ያልከበደው ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ በቃኝ ሲል ይዞት የሚወጣ። አልሄድም ካለም አይገደድም።

አምና ጎረቤታችን አረፈች። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው። ገሚሱ «ውሰዱት» አለ፣ ገሚሱ «ኧረ ተዉት»። አያቱ ዝም ብለው ቆዩና ልጁን ራሱን ጠየቁት። «እመጣለሁ» አለ። እጁን እኔ ያዝኩት። መንገድ ላይ ነገርኩት፤ ሰው ይጮኻል፣ እማዬ ሳጥኑ ውስጥ ናት፣ አትሰማም፣ አያማትም። ጧፍ ሰጡት፤ ሰሙ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልለቀቀም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ «ዝናብ ሲመጣስ?» አለ። አያቱ «አይነካትም ልጄ» አሉት። በትንሽ እጁ አፈር ዘግኖ ጨመረ። ስንመለስ ራበኝ ብሎ ዳቦ በላ፣ ከዚያ ኳሱን ፈለገ።

በአርባዋ አብረን ሄድን። መንገዱን የመራን እሱ ነው፤ «ከወይራው ቀጥሎ ሁለተኛዋ» እያለ። አያቱ ደክሟቸው አጠገቧ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አስቆማቸው። ሹራቡን አውልቆ አጠፈና ድንጋዩ ላይ አነጠፈላቸው።

«እማማ፣ ይቆረቁርሻል» አላቸው።