ሳንባን በጀሪካን መለካት

ሳንባ በአንድ ትንፋሽ ስንት ሊትር አየር እንደሚያስወጣ ለማየት ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ቀጭን ጎማና ማርከር ይበቃሉ። ባሕር ዳር ውስጥ አራቱም ከገበያ አይጠፉም። ዘዴው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ስለ ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ መለኪያ) ሲጽፍ የእሱም መሣሪያ የሚሠራው በውሃ ነበር። ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ፣ ቁመት ሲጨምር ልኩም እንደሚጨምር አሳየ።

ዋናው ሥራ ምልክቱ ላይ ነው። ጀሪካኑ ላይ «5 ሊትር» ስለተጻፈ ብቻ አይታመንም። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እየጨመሩ፣ ውሃው በደረሰበት ሁሉ ማስመር ይሻላል። ጀሪካኑ ሲገለበጥ አየሩ የሚጠራቀመው ወደ ላይ በዞረው መቀመጫው በኩል ስለሆነ መስመሩ በቀጥታ የአየሩን ልክ ያነባል።

ከዚያ ጢም አድርጎ መሙላት፣ አፉን በመዳፍ ይዞ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ መገልበጥ፣ ጎማውን ከሥር ማስገባት። አፍንጫን ይዞ፣ በደንብ ስቦ፣ እስከ መጨረሻው መንፋት ነው። ሳፋው ስለሚፈስ ደጅ ይሁን። አየር ሲገባበት ጀሪካኑ እንደ ታንኳ ልንሳፈፍ ስለሚል አንድ ሰው ጫን አድርጎ ይያዘው። እኔ መጀመሪያ ስሞክር 2 ሊትር ብቻ አገኘሁና ደነገጥኩ። ለካ ግማሹ አረፋ ከጀሪካኑ ውጭ ነበር የሚወጣው!

ጤነኛ ሴት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4፣ ወንድ ከ4 እስከ 5 ሊትር ያወጣሉ። ረጅም ሰው ጀሪካኑን ሊጨርሰው ይችላል። የቱንም ያህል ቢነፋ ከ1 ሊትር በላይ አየር ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የወጣው አየርም ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ስለሚኮማተር ንባቡ በአንድ አስረኛ ገደማ ያንሳል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗስ? አየሩ ሳሳ ያለ ነው እንጂ ሊትሩ ያው ሊትር ነው።

ጀሪካኑ የማይናገረው ፍጥነትን ነው። ሐኪሞች አስምን ሲመረምሩ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣውን አየር ያያሉ። አስም ያለበት ሰው ግን ቀስ ብሎ ከነፋ ጥሩ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል።

ውሃው የቧንቧ ይሁን። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዝያ ስላለበት እጅ መንከር አያዋጣም። ጎማውም ለየሰው ለየብቻው ይቆረጥ፤ ቲቢ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው።