የብየዳ ጋዝ በኪሎ ወይስ በባር?

በቤቱ በሚግ ማሽን (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ በሚበይድ ማሽን) ለመበየድ ያሰበ ሰው ስለ ጋዝ ሲጠይቅ አንዱ ሻጭ በኪሎ፣ ሌላው በባር፣ ማለትም በግፊት መለኪያ፣ ይመልስለታል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል። ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ የብየዳ ጋዞች፣ አርገንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሲሊንደር ውስጥ ከሚቀመጡበት ሁኔታ ነው። አርገን ታምቆም ጋዝ እንደሆነ ስለሚቆይ፣ ጌጁ (ግፊት የሚያሳየው መሣሪያ) ከ150 ባር ወደ 75 ባር ሲወርድ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አብዛኛው ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጥ፣ ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ጌጁ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ገደማ እያሳየ ይቆያል፤ መውረድ ሲጀምር የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ሲሊንደሩን መዝኖ፣ በአካሉ ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት በመቀነስ ነው። ሻጩ ጌጁን እያሳየ «ሙሉ ነው» ቢል ሚዛን መጠየቅ ነውር የለውም።

1 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚወጣው፣ በደቂቃ 12 ሊትር ለሚጠቀም በያጅ 10 ኪሎው ማሽኑ በትክክል በሚበይድባቸው ደቂቃዎች ብቻ ሲቆጠር 7 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ ለቤት ሥራ ይህ ብዙ ነው።

ለተራ ብረት፣ ፍንጣሪው ቢበዛም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ይበቃል፤ አሉሚኒየም ለመበየድና ለቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ ለሚሠራ ብየዳ) ግን አርገን የግድ ነው። ሁለቱም ከአየር ስለሚከብዱና ኦክስጅንን ስለሚተኩ፣ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ መበየድ አይገባም።